እንጦጦ የወጡ፣ ከእንጦጦ የወረዱ

መናፈሻ የሚለው ቃል ከነፋስ የወጣ ነው። መናፈስ ሲባል የቤቱን ጭስና የመንገዱን አቧራ ትቶ ንጹሕ አየር ወዳለበት መሄድ፣ እዚያም ምንም ሳይሠሩ ጥቂት መቆየት ማለት ነው። እንግዲህ በቃሉ ፍች ከሄድን መናፈሻ ሰው ከሥራ ለማረፍ የሚሄድበት ሥፍራ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድን ቦታ ይዘን ታሪኩን የጠየቅን እንደሆነ፣ ለአንዱ ማረፊያ የሆነው ለሌላው የእንጀራ ገመድ ሆኖ እናገኘዋለን።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ቦታ እንጦጦ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ከስድስት ኪሎ ግቢያችን ቀና ብሎ ላየ ሰው ሰሜኑን ዘግቶ የቆመው ተራራ እሱ ነው። በበዓልና በእሑድ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላይ ብትቆሙ ቤተሰብ በቤተሰቡ ሽቅብ ሲሄድ ታያላችሁ። አባት ትንሹን ልጅ እሽኮኮ አድርጎ፣ እናት ምሳ የቋጠረችበትን ዘንቢል አንጠልጥላ፣ ትልልቆቹ ልጆች ኳስ እየተቀባበሉ። አያትም ካሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው «እዚያ ላይ ብርድ ነው፣ ልጆቹን አልብሱ» ማለታቸው አይቀርም። የሚሄዱት እንጦጦ ፓርክ ነው። ታዲያ ይህ ዳገት ከመቼ ወዲህ ነው የመናፈሻ ዳገት የሆነው? ከዚያ በፊትስ ማን ወጣው? ማን ወረደው? ሲወርድስ ምን ተሸክሞ ነበር? ነገራችን ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ እንጦጦ ሲወራ ሁሉም ከዓፄ ምኒልክ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን አገሩ ባዶ አልነበረም። ከተራራው ሥር ባለው ሜዳና በየወንዙ ዳር የጉለሌ፣ የኤካና የገላን ኦሮሞዎች ይኖሩ ነበር፤ ከብታቸውን ያሰማራሉ፣ ያርሳሉ፣ አገሩንም ፊንፊኔ ይሉታል። ዛሬ ጉለሌና የካ ብለን የምንጠራቸው ክፍለ ከተሞች ስማቸውን የወረሱት ከነዚሁ ባለ አገሮች ነው። ከተማው ሲመጣ ሜዳው ለመኳንንትና ለሠራዊት ሰፈር ተሸነሸነ፤ እነሱ ከቀያቸው እየተገፉ ሄዱ፤ ስማቸው ግን ቀረ። ይህን ማስታወስ የሚገባን ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። የአንድ ቦታ ታሪክ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የቀደመው ሰው ነውና።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዞሩ። የጥንት አባቶቻቸውን ከተማ ፍለጋ ላይ እንደነበሩም ይነገራል፤ በተራራው ላይ ከእሳቸው ዘመን ብዙ የሚቀድሙ ፍርስራሾች አሉና። ከሁሉ በላይ ግን ቦታው ለጦር ሰፈር የተመቸ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ዙሪያ ገባውን ሁሉ ያሳያል፤ ለሚመጣ ጠላት ዳገቱ ራሱ አጥር ነው። ቤተ መንግሥቱ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በኖራ ተለሰነ፤ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል ተተከሉ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ይህን የሚያህል ታሪክ የተሠራበት አዳራሽ ዛሬም ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሟል፤ ሲያዩት የአንድ ባለጸጋ ገበሬ ቤት ይመስላል እንጂ የንጉሠ ነገሥት አይመስልም።

ይሁንና ከፍታ አይበላም፣ አይጠጣም። ንጉሥ ብቻውን አይሰፍርም፤ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ሁሉ ይከተላል። ይህ ሁሉ ሰው በብርድ አገር እሳት ይሻል። ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥር፣ ለምጣድ፣ ለጠጅ ጌሾ ማፍያ፣ ሌሊት ለመሞቂያ እንጨት ይፈልጋል። ጽዱም ወይራውም ወደቀ። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ዳገቱ ተራቆተ፤ ማገዶ ለቃሚው በየቀኑ እየራቀ ሄደ። ነፋሱም ከልካይ አጣ። እንጦጦን ለሰፈር ያስመረጠው ከፍታ ለኑሮ ጠላት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነው ከተራራው በታች ያለው ፍልውሃ ትዝ የሚለው። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከብርዱ ሸሽተው ወደ ሙቁ ምንጭ እየወረዱ ይታጠቡ፣ ድንኳን ተክለው ይቆዩ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤትም እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። እንዲያው ነገሩን ረጋ ብለን ካየነው አዲስ አበባ ከሽርሽር የተወለደች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ዛሬ ሕዝቡ ለመናፈስ ወደ እንጦጦ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የእንጦጦ ጌቶች ለመናፈስ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ልዩነቱ ይህ ብቻ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር!

ችግሩ ግን ከተማው ሲወርድ የማገዶ ረሃቡ አብሮ መውረዱ ነው። አዲስ አበባ በፍጥነት ሰፋች። እያንዳንዱ ባለ ሥልጣን ከነሠራዊቱ የራሱን ሰፈር መሠረተ፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ጭስ ነበረው። እንጨት ከሩቅ በአህያና በሰው ጀርባ መምጣት ጀመረ። ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መዲናዋን ትተው በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው፣ ደን ወደነበረበት አገር ለመሄድ አሰቡ። ቦታውንም አዲስ ዓለም አሉት፤ ቤተ መንግሥት ተጀመረ። አስቡት እንግዲህ! አድዋ ላይ የኢጣሊያን ጦር የመለሰ መንግሥት በማገዶ ምክንያት ከተማውን ሊለቅ ሲነሣ። የትኛውም ጠላት ያላስለቀቀውን እንጨት ሊያስለቅቀው ነበር።

አዲስ አበባን ያቆማት አንድ የባዕድ ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ያስመጣውን ሰው አንዳንዶቹ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ የንጉሡ አማካሪ ለነበረው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ይሰጡታል። ያም ሆነ ይህ ዛፉ የሚያስገርም ነው። እንደ ጽድ ዕድሜ አይጠይቅም፤ በጥቂት ዓመታት ለአጣና ይደርሳል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሲቆርጡት አለመሞቱ ነው። ከጉቶው አራትና አምስት ቀንበጥ ያወጣል፤ እንደገና ይቆረጣል፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። መኳንንቱ ተከሉት፣ ነጋዴው ተከለው፣ ድሃውም በጓሮው ተከለው። የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ መዲናይቱም ባለችበት ረጋች። ከተማዋ በባሕር ዛፍ ከመከበቧ የተነሣ ከውጭ የመጡ ተመልካቾች ዩካሊፕቶፖሊስ፣ የባሕር ዛፍ ከተማ፣ እስከማለት ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስምር። ዛሬ እንጦጦ ወጥተን «እንዴት ያለ የተፈጥሮ አየር ነው!» የምንልለት ጫካ ተፈጥሮ የሰጠችን ጫካ አይደለም። የተፈጥሮው ጫካ እሳት ውስጥ ገብቶ አልቋል። ይህኛው ጫካ ለምጣድ የተተከለ፣ ሰው በእጁ የሠራው፣ የከተማ ረሃብ የወለደው ነው። የመናፈሻችን ጥላ የማገዶ ልጅ ነው ማለት ነው። የተፈጥሮው ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወደ መናገሻ ሱባ ይሂድ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተክለዋል። የዚያ ደን ጽዶች የቆዩት ከዘመን ወደ ዘመን በመንግሥት ጥበቃ ሥር ስለነበሩ ነው። እንጦጦ ግን መንግሥት ራሱ ሰፈረበት። ደን ንጉሥ ሲጠብቀው ይኖራል፤ ንጉሥ ሲሰፍርበት ግን ያልቃል እንበል ይሆን?

ባሕር ዛፍ ከተማዋን ቢያድናትም ሁሉንም እኩል አልጠቀመም። በዳገቱ ላይ ሰፋፊ ደን የነበራቸው ባለ ርስቶችና ባለ ሥልጣኖች ነበሩ። ዛፉ ለእነሱ ሳያርሱ የሚታጨድ እርሻ ሆነ፤ ቆርጦ መሸጥ፣ እስኪያድግ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የከተማው ቤት ሁሉ ምሰሶው፣ ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው፤ ፎቅ ሲሠራ እንኳ ግንበኛው የሚንጠላጠልበት መወጣጫ አጣና ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 19 በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዞር የእንጦጦ ደንም ከባለ ርስቶች እጅ ወጣ። በጉለሌ በኩል ያለው የሐምሌ 19 መናፈሻ ስሙ ያንን ቀን ያስታውሳል። «መሬት ላራሹ» ብሎ በዚህ በስድስት ኪሎ መንገድ የጮኸው ተማሪ ያን ቀን ደስ ብሎታል። ደኑ የሕዝብ ሆነ ተባለ። ግን ሕዝብ ሲባል ማን ነው? ጥያቄው ከጫካው ውስጥ ወጣ።

ከጫካው ውስጥ የወጣችው ሴት ናት። ጎንበስ ብላለች፤ ከጀርባዋ ከእሷ ቁመት የሚረዝም የእንጨትና የቅጠል ሸክም አለ፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ተቋጥሯል። ፊቷ አይታይም፤ ከሩቅ ያየ ሰው ጭራሮው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስለዋል። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም ተሸክማ ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም አልፋ እስከ ከተማው ትወርዳለች። ከዶሮ ጩኸት በፊት የወጣች ናት፤ ሸጣ የምታገኘው ለዕለት ጉርስ የሚበቃ ቢሆን ነው። በነጋታው ትመለሳለች። ለአያሌ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ምጣድ የጋለው፣ የአዲስ አበባ እንጀራ ዓይን ያወጣው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ወይም ባል የሞተባቸውና የፈቱ፣ ሌላ ሥራ ያላገኙ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ነበሩ። እናትዋን ተከትላ አነስተኛ ሸክም የምትይዝ የ10 ዓመት ልጅም ነበረች። ያች ልጅ እንጦጦን የምታውቀው በመጫወቻነቱ አይደለም።

እንግዲህ ደኑ የመንግሥት በመሆኑ የሴትዮዋ ሥራ ወንጀል ሆነ። ባለ ርስቱ ሄደ፣ ዘበኛው ግን አልሄደም። ደን ጠባቂው ያገኛት እንደሆነ ሸክሟን ይፈታል፣ ገመዷን ይቀማል፣ ያስከፍላታል፣ አንዳንዴም ይመታታል። ገመድ ምን ዋጋ አለው የሚል ይኖር ይሆናል። መቼም በልኩ ካልተናገርን በቀር ለእሷ ገመዱ ማረሻዋ ነው፣ መዝገቧም ነው፤ የእንጀራ ገመድ የሚለው አነጋገር በእሷ ላይ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ እውነት ነበር። ይህን ስንጽፍ ጠባቂው ክፉ ነው፣ ደኑ ይጨፍጨፍ ለማለት አይደለም። ተራራው ሲራቆት ጎርፉ ወደ ታች ወርዶ የድሃውን ጎጆ ነው የሚወስደው። ማለት የፈለግነው ሌላ ነው። ያቺ ሴት የምትሸከመው የራሷን ማገዶ አልነበረም፤ የከተማውን ማገዶ ነበር። ገዢው ሳይከሰስ ተሸካሚዋ ተከሰሰች።

ተራራውን የወጡት እነሱ ብቻ አልነበሩም። በሽተኛው ለጸበል ይወጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ትንንሽ ቤት ተከራይተው፣ በውርጭ ጠዋት በቀዝቃዛው ጸበል እየተጠመቁ ተስፋ ያደርጉ ነበር። ሯጩም ይወጣል። ዓለም ያጨበጨበላቸው አትሌቶቻችን ሳንባቸውን ያጠነከሩት በዚያ ዳገት ላይ በማለዳ ሲሮጡ ነው፤ ቀጭኑ አየር ለተራው ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ለሯጭ ግን ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ በአንዱ መንገድ ላይ፣ በአንዱ ማለዳ፣ ሦስት ሰው ይተላለፍ ነበር፤ ለመዳን የሚወጣ፣ ለማሸነፍ የሚወጣ፣ ለመብላት የወጣችና ተሸክማ የምትወርድ። ለመናፈስ ብቻ የሚወጣ ቤተሰብ ጥቂት ነበር።

ለምን ጥቂት ሆነ? ቤተሰብ ይዞ መናፈስ በከተማችን የቆየ ልማድ ነው፤ ቦታው ግን ሁልጊዜ ጠባብ ነበር። ድሮ መናፈሻ ማለት የቤተ መንግሥት አትክልት ማለት ነው፤ ሕዝቡ በአጥር ቀዳዳ ያየዋል እንጂ አይገባበትም። ይኸው የምንማርበት ግቢ ገነተ ልዑል ይባል ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ነው የአንድ ቤተሰብ አትክልት የብዙ ሰው መቀመጫ የሆነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የአንበሳ ግቢ ለአያሌ ዓመታት ልጆች በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አንበሳ አይተዋል። ጃን ሜዳ ለጥምቀትና ለፈረስ ጉግስ፣ ብሔረ ጽጌ ደግሞ በደቡብ በኩል ለሙሽሮችና ለሚዜዎቻቸው አገለገለ። ከዚህ የተረፈው የሰፈር ልጅ ግን ኳሱን የተጫወተው አስፋልት ላይ፣ መኪና ሲመጣ «መኪና!» እየተባባለ ነው። የከተማው ሕዝብ በጨመረ መጠን ሜዳው እየተሸነሸነ ቤት ሆነበት።

እንጦጦ ፓርክ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ከተከፈቱት ከአንድነት ፓርክና ከሸገር ፓርክ ጋር ሲነጻጸር ጠባዩ የተለየ ነው፤ እነዚያ ከተማው መካከል ሲሆኑ ይህ ከከተማው ዳር፣ በጫካ ውስጥ የተዘረጋ ሰፊ ቦታ ነው። የእግርና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ፈረስ ይጋለባል፤ ደፋር የሆነ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ከዛፍ ዛፍ ይወነጨፋል፤ የልጆች መጫወቻ፣ ካፌና ምግብ ቤት አለ። በስተ ምዕራብ በኩል ደግሞ ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ይዞ የአገር በቀል ዛፎችን ያሳድጋል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ልጅ በሣር ላይ ሲንከባለል፣ አባት ጫማውን አውልቆ ሲተኛ፣ እናት ለአንድ ቀን እንኳ ከጓዳ ስትገላገል ማየት የማያስደስተው ሰው የለም። «ድሃ ምን መናፈስ ያሻዋል» የሚለውን አነጋገር እኛ አንቀበለውም። ማረፍ የጌቶች ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚገባው የደከመው ነው።

ነገር ግን መናፈሻ ሲከፈት አንድ ነገር እንዳይዘጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዓለም የታወቀው የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ሲሠራ ቦታው ያን ጊዜ የከተማው ዳርቻ ነበር። እዚያ ላይ ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ጥቁሮች የሆኑባት መንደር ነበረች፤ የራሳቸው ቤትና መሬት፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1857 መንደሪቱ ፈረሰች። ለባለ መሬቶቹ ካሳ ተከፍሏል፤ ማኅበራቸው ግን ተበተነ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ በዚያ ሣር ላይ ምሳውን ሲበላ ከሥሩ ምን እንደነበረ አላወቀም። የመታሰቢያ ምልክት የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሣሩ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ታሪኩ ንጹሕ አይሆንም ማለት ነው።

የእኛ ታሪክ ከዚያ ይለያል፤ ግን ትምህርቱ አንድ ነው። እንጦጦ ላይ ንጉሡ ይታወሳል፤ ቤተ መንግሥቱ አለ፣ የእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር የምኒልክንና የጣይቱን አልባሳት ይዟል፤ ልጆች ገብተው ያያሉ። ይህ ይሁን፣ ይገባል። ታዲያ የዚያችን ሴት ገመድ የት ነው የምናየው? ዘውዱ ተራራው ላይ የኖረው ጥቂት ዓመት ነው፤ ሸክሙ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተመላልሷል። ከተማዋን በዚህ ሥፍራ ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው ካልን፣ ባሕር ዛፉን ከዳገት ወደ ምጣድ ያደረሰችው ማን ናት? ዛፉ በራሱ እግር አልወረደም እኮ!

ስለዚህ ልጆቹን ይዞ እንጦጦ ለሚወጣ ወላጅ ሁሉ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከምሳ በፊት ልጆቹን ትንሽ ያዙሯቸው። አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ፈልጉና ቀንበጦቹን ቁጠሩ፤ ጉቶው ወፍራም ከሆነ ስንት ጊዜ ተቆርጦ እንደበቀለ አስቡ። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን መሬት ከጽድ ሥር ካለው ጋር አስተያዩ፤ አንደኛው ጋ ሣሩ ሳስቶ ደረቅ ቅጠል ተነጥፏል፣ ሌላው ጋ ቁጥቋጦው ተጠላልፏል። ያንን ደረቅ ቅጠል ጠርጎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ለምጣድ የሚሸጥ ሰው እንደነበረ ንገሯቸው። ከዚያ ወደ ጋራው ጫፍ ውጡ። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውኃ በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ ነው። አንድ ልጅ እግሩን አንፈራጦ ቢቆም አንዱ እግሩ በአዋሽ፣ ሌላው በዓባይ ተፋሰስ ላይ ነው። ይህን የሰማ ልጅ አገሩን በካርታ ብቻ ሳይሆን በእግሩ ያውቃል። እንጨት ተሸካሚ እናት መንገድ ላይ ብታገኙ ደግሞ መንገድ ልቀቁላት፤ ልጃችሁም «እንደምን ዋሉ እናቴ» ይበላት።

ለሚያስተዳድሩትም ሰዎች አንድ ቃል አለን። ለየጨዋታው የሚጠየቀው ዋጋ የቀን ሠራተኛውን ቤተሰብ ከበር የሚመልስ እንዳይሆን፤ ሜዳው፣ ሣሩና ጥላው ለሁሉም ክፍት ይሁን። ባሕር ዛፉ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ሲተካ ቀስ ተብሎ ይሁን፤ ለችግኙም ተንከባካቢነት ቀድሞ በገመድ የወረዱት ሴቶችና ልጆቻቸው ይቅደሙ። ከነሱ የተሻለ የዳገቱን ጠባይ የሚያውቅ የለም፤ የቱ ጋ ውኃ እንዳለ፣ የቱ ጋ መሬቱ እንደሚንሸራተት በእግራቸው ተምረውታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ከሚወጡት የእግር መንገዶች አንዱ ደግሞ በእነሱ ስም ይጠራ። ሐውልት አልጠየቅንም፤ መንገድ ይበቃቸዋል፤ መንገዱን የጠረጉት እነሱ ናቸውና።

ታሪክ ጸሐፊ ከፎቅ ላይ ሆኖ ሲያይ የሚታየው ዘውድና አዋጅ ነው። ከዳገት ላይ ሆኖ ሲያይ ግን ማን እንደወጣና ማን እንደወረደ ያያል። ምኒልክ ጠላትን ለማየት ወጡ፣ ብርድ አወረዳቸው። ባለ ርስቱ ዛፉን ተከለ፣ አዋጅ አወረደው። በሽተኛው ለጸበል ወጣ፣ ሯጩ ለወርቅ ወጣ። እናቶች ባዶ እጃቸውን ወጡ፣ ከተማውን ተሸክመው ወረዱ። አሁን ልጆች ለጨዋታ ተራቸው ደርሶ እየወጡ ነው። እሰይ፣ ይውጡ፤ ይሩጡ፣ ይንከባለሉ። ሲመሽ ደክሟቸው በአባታቸው ጀርባ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ሲወርዱ ግን ያ ጀርባ በዚህ ዳገት ላይ ቀሎት የሚወርድ እንደሆነ፣ ከእሱ በፊት ግን በዚሁ መንገድ እንጨት ከብዶት የወረደ ጀርባ እንደነበረ የሚነግራቸው ሰው አይጥፋ።